ኤርፖዳችሁ ቻርጅ አልይዝ ካለ፦ ከመጣላችሁ በፊት ይህን ሞክሩ

ሲገዛ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ይሠራ የነበረ ኤርፖድ ዓመት ሳይሞላው አንድ ሰዓት መቆየት ያቅተዋል። መጀመሪያ አንዱ ጆሮ፣ ማለትም አንዱ ማዳመጫ፣ ይደክማል። ቀጥሎ ስልክ እያወራችሁ መሀል ላይ ድምፅ ሰጥቶ ይጠፋል። ከዚያ ኬዙ ራሱ ጠዋት ሙሉ ሆኖ ማታ ባዶ ይገኛል። ወደ ሱቅ ስትወስዱት መልሱ ያው ነው፦ "ባትሪው ሞቷል፣ አዲስ ግዛ።"

አንዳንዴ እውነታቸውን ነው። ብዙ ጊዜ ግን ባትሪው ሞቷል የተባለው ዕቃ ባትሪው አልሞተም፤ ቻርጅ አልገባለትም እንጂ። ሁለቱ ችግሮች ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። መፍትሔያቸው ግን ለየቅል ነው፤ አንደኛው በጥጥና በአልኮል ይፈታል፣ ሌላኛው ገንዘብ ያስወጣል። ስለዚህ ከመለየት እንጀምራለን። ኤርፖድ ስል የአፕሉን ብቻ ሳይሆን፣ እንደ ልማዳችን ገመድ አልባውን ሁሉ ነው።

መጀመሪያ ትንሽ ሒሳብ

የአሁን ስልክ ባትሪ 5000 ሚሊአምፒር-ሰዓት (mAh) አካባቢ ነው። አንድ ጆሮ ውስጥ የምትገባዋ ባትሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 60 ሚሊአምፒር-ሰዓት ናት። መቶ እጥፍ ታንሳለች ማለት ነው። በዚህች ላይ ብሉቱዝ፣ ማይክ፣ ድምፅ ማጉያና የውጭ ጫጫታ ማጥፊያ ሁሉ ተጭኗል።

የሊቲየም ባትሪ ዕድሜ በዓመት ብቻ ሳይሆን በዙርም ይቆጠራል። ከሙሉ እስከ ባዶ አንድ ዙር ነው። ዛሬ ግማሹን፣ ነገ ግማሹን ብትጠቀሙም ተደምሮ አንድ ዙር ይሆናል። እንዲህ ያለው ባትሪ ከ300 እስከ 500 ዙር ከሠራ በኋላ አቅሙ ወደ 80 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ኤርፖዱ በአንድ ቻርጅ አምስት ሰዓት የሚሄድ ከሆነና በቀን አምስት ሰዓት የምታዳምጡ ከሆነ፣ 500 ዙር በዓመት ከአራት ወር ተኩል ገደማ ያልቃል። በቀን ሁለት ሰዓት ለሚያዳምጥ ሰው ያው ዕቃ ከሦስት ዓመት በላይ ሊሄድ ይችላል። "የጓደኛዬ እስካሁን ይሠራል፣ የኔ ለምን?" ለሚለው ጥያቄ አንዱ መልስ ይኸው ነው።

ደረጃ 1፦ ሰዓት ያዙ

"ቶሎ ያልቃል" የሚለው ስሜት ነው። ቁጥር ያስፈልጋችኋል። ሁለቱንም ኬዝ ውስጥ ከታችሁ፣ ኬዙን ሶኬት ላይ ሰክታችሁ ሁለት ሰዓት ያህል ተዉት። ከዚያ ግራው ስንት፣ ቀኙ ስንት እንደሆነ ስልካችሁ ላይ እዩ። አይፎን ላይ የባትሪ ዊጄቱ ያሳያችኋል፣ ሳምሰንግ በራሱ አፕ ያሳያል። ርካሽ ሞዴሎች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቁጥር ብቻ ነው የሚሰጡት። ያኔ አንዱን ብቻ አውጥታችሁ በየተራ መፈተሽ ነው።

ድምፁን ግማሽ ላይ አድርጉ። ኖይዝ ካንስሊንግ (የውጭ ጫጫታ ማጥፊያው) ካለው አጥፉት። ረጅም ነገር ክፈቱ፤ ስብከትም ይሁን የሬዲዮ ፕሮግራም ግድ የለም። የጀመራችሁበትንና እያንዳንዱ የጠፋበትን ሰዓት ጻፉ።

ውጤቱን እንዲህ አንብቡት፦

- አንዱ መቶ ላይ ጭራሽ ካልደረሰ፣ ወይም ኬዝ ውስጥ አድሮ ባዶውን ከወጣ፣ ቻርጅ እየገባለት አይደለም። ይህ መልካም ዜና ነው። ወደ ደረጃ 2 ሂዱ።
- ሁለቱም ሙሉ ሆነው ተነሥተው ሁለቱም አዲስ ሳሉ ከነበራቸው ግማሽ ላይ ካለቁ፣ ባትሪው አርጅቷል።
- 40 በመቶ እያለ ድንገት ድርግም ካለ፣ የዚያኛው ጆሮ ባትሪ ተዳክሟል። ቁጥሩ ይዋሻችኋል።
- አንዱ ከሌላው ትንሽ ቀደም ብሎ ቢያልቅ ግን አትደንግጡ። በብዙ ሞዴሎች ስልክ ስታወሩ የሚሠራው የአንዱ ጆሮ ማይክ ነው፤ እሱ የበለጠ ይበላል። ብዙ ጊዜ ቀድሞ ከኬዝ የወጣው ነው ዋና የሚሆነው። አንድ ቀን ግራውን፣ አንድ ቀን ቀኙን እያስቀደማችሁ አውጡ።

ደረጃ 2፦ ፒኖቹን አጽዱ

ይህን ደረጃ ሰው ሁሉ ይዘለዋል። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምተማመነው በዚህ ነው።

የስልካችሁን መብራት አብርታችሁ የኬዙን ጉድጓድ ቁልቁል እዩት። በአብዛኛው ከታች ሁለት ወይም ሦስት ጥቃቅን ወርቃማ ፒኖች አሉ። ጫን ሲሏቸው ገባ ብለው መመለስ አለባቸው። ኪስ ወይም ቦርሳ ውስጥ የሚውል ኬዝ ከሆነ፣ እዚያ ጥግ ላይ የጨርቅ ብናኝ፣ አቧራና የጆሮ ኩክ አንድ ላይ ተጋግሮ ጥቁር ንጣፍ ሠርቶ ታገኙታላችሁ። ያ ንጣፍ የወረቀት ውፍረት እንኳ የለውም። ግን ፒኑ ጆሮው ላይ ያለውን ነጥብ እንዳይነካ ለማድረግ በቂ ነው። ጆሮውን ገልብጣችሁ ብታዩት ደግሞ ወርቃማው ነጥብ ላይ ደብዛዛ ቅባት አለ፤ የላብና የቆዳ ቅባት ነው። አንዳንዱ ላይ ወደ አረንጓዴ ያደላ ዝገት ታያላችሁ። ቻርጅ የማይገባው በዚህ ምክንያት ነው።

የሚያስፈልጋችሁ የጆሮ ጥጥ፣ ከፋርማሲ የሚገዛ አልኮል፣ ያረጀ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ እና የእንጨት ስቴኪኒ ነው። ሳኒታይዘር አልኮልን አይተካም፤ ጄሉ ሲደርቅ ልጥፍልጥፍ የሚል ነገር ትቶ ይሄዳል። መርፌና ስፒልም አርቁ፤ ሁለቱን ፒኖች አንድ ላይ ቢነካ ሾርት ያደርጋል፣ የድምፅ መውጫውን ወንፊትም ይቀዳል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኬዙን ከሶኬት ንቀሉ። መጀመሪያ ብናኙን በደረቅ ብሩሽ አራግፉ፣ ኬዙን ደፍታችሁ። ጥግ ላይ የተጋገረውን በስቴኪኒ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ፈቅፍቁ። ከዚያ ጥጡን በአልኮል ነክራችሁ ጭመቁት፤ ርጥብ እንጂ የሚንጠባጠብ መሆን የለበትም። ፒኖቹንም፣ ጆሮው ላይ ያሉትን ነጥቦችም ወልውሉ። ጥጡ ጥቁር ሆኖ ከወጣ ሌላ ጥጥ ያዙና ንጹሕ እስኪወጣ ድገሙት። ግማሽ ሰዓት ክፍት አድርጋችሁ አድርቁት።

ድምፁ ከቀነሰ ወይም አንዱ ጆሮ ከሌላው ዝቅ ብሎ ከተሰማ፣ ጆሮ ውስጥ የሚገባውን ሲሊኮን አውጡና ወንፊቱን እዩ። ሲሊኮኑ በሳሙናና በውኃ ይታጠባል። ወንፊቱ ግን በፍጹም ውኃ አይነካውም። ወንፊቱን ወደ ታች አዙራችሁ በደረቅ ብሩሽ ቦርሹት፤ ኩኩ ወደ ውስጥ ሳይሆን ወደ መሬት ይውደቅ። በአፋችሁ እፍ አትበሉበት፣ ትንፋሽ እርጥበት ይዟል። ብዙ ሰው ድምፁ ስለቀነሰ እስከ ጥግ ይከፍተዋል። ያኔ ባትሪውም አብሮ ቶሎ ያልቃል።

ደረጃ 3፦ በትክክል መቀመጡን አረጋግጡ

ሁለቱንም ኬዝ ውስጥ አስገብታችሁ ክዳኑን ዝጉና ስልካችሁን እዩ። ብሉቱዙ አሁንም "ተገናኝቷል" ካለ፣ ጆሮው ኬዝ ውስጥ ሆኖ እየሠራ ነው ማለት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ባትሪ ሲበላ ያድራል።

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። ለብቻው ተገዝቶ የተቀየረ ትልቅ ሲሊኮን ጆሮውን ከፍ ያደርገዋል፣ ፒኑ ላይ አይደርስም። ለጌጥ የሚለበሰው የኬዝ ልባስም ክዳኑ ጥርቅም ብሎ እንዳይዘጋ ያደርጋል። ልባሱን አውልቃችሁ ሞክሩ። አዲስ ከሆነ ደግሞ ነጥቦቹ ላይ የተለጠፈች ቀጭን ፕላስቲክ መነሣቷን እዩ። "ከካርቶኑ ጀምሮ አይሠራም" ተብሎ የሚመለስ ዕቃ አንዳንዴ ችግሩ እሷ ብቻ ናት።

ደረጃ 4፦ ኬብሉን ተጠራጠሩ

ኬዙ ጭራሽ ቻርጅ አልገባ ካለ፣ ሁለቱም ጫፉ ታይፕ ሲ በሆነ ኬብል እየሰካችሁት እንደሆነ እዩ። ርካሽ ኬዞች በዚህ ዓይነት ኬብል ላይቀበሉ ይችላሉ፤ ፋብሪካው ሊያስገባቸው የሚገቡ ሁለት ትንንሽ ሬዚስተሮች ለቁጠባ ስለሚቀሩ ቻርጀሩ ዕቃ መሰካቱን አያውቅም። በአንድ ጫፉ የድሮው ሰፊ ዩኤስቢ ያለውን ኬብል ሞክሩ። ብዙ "የሞተ" ኬዝ በዚህ ይነሣል።

የቻርጅ ቀዳዳው ውስጥም ብናኝ ይጠቀጠቃል፤ በስቴኪኒ አውጡት። ወራት ሳይነካ የቆየ ኬዝ ከሆነ ሰክታችሁ ሁለት ሦስት ሰዓት ታገሡት። ወዲያው መብራት ስላላሳየ ተስፋ አትቁረጡ።

ደረጃ 5፦ ሪሴት እና አፕዴት

አንዱ ጆሮ ቻርጅ እያለው ስልኩ ካላየው፣ ስልካችሁ ላይ ስሙን ከብሉቱዝ ዝርዝር አጥፉ። ከኋላ ቁልፍ ያለው የአፕል ኬዝ ከሆነ፣ ክዳኑን ከፍታችሁ ቁልፉን 15 ሰከንድ ያህል ተጫኑት፤ መብራቱ ብርቱካናማ ብልጭ ብሎ ወደ ነጭ ይቀየራል። ሌሎቹ እንደየሞዴሉ ይለያያሉ፤ ካርቶኑ ውስጥ ያለችውን ወረቀት አትጣሉ የምለው ለዚህ ነው። አፕ ካለው አፕዴት አድርጉ። የአፕሉ ኬዙ ቻርጅ ላይ ሆኖ አይፎኑ አጠገቡ ሲሆን በራሱ ያደርጋል።

ደረጃ 6፦ በአንድ ቻርጅ ረዘም እንዲሄድ

ባትሪ ብዙ ከሚበሉት አንዱ ኖይዝ ካንስሊንግ ነው። ታክሲ ውስጥ፣ ጄኔሬተር አጠገብ፣ አውሮፕላን ላይ ተጠቀሙበት። ጸጥ ያለ ቢሮ ውስጥ ወይም ቤት ግን ምን ያደርጋል? አጥፉት። ከፍተኛ ጥራት ያላቸው እንደ ኤልዳክ ያሉ የድምፅ አሠራሮችም ይበላሉ፤ ለወሬ ፕሮግራም አያስፈልጉም።

ስልክ ማውራት ከሙዚቃ ይልቅ ይጨርሰዋል፣ ማይኩ ስለሚሠራ። ረጅም ስብሰባ ያለበት ወይም ውጭ አገር ካለ ዘመድ ጋር ሁለት ሰዓት የሚያወራ ሰው አንዱን ጆሮ ብቻ ይጠቀም። ያኛው ኬዝ ውስጥ ይሙላ፣ ከዚያ ይቀያየሩ። በዚህ ዘዴ ያረጀ ኤርፖድ እንኳ ሙሉ የሥራ ቀን ይዘልቃል። ባትሪያቸው በእርግጥ አርጅቷል ብዬ ለማምናቸው ሰዎች መጀመሪያ የምመክረው ይህንን ነው።

ደረጃ 7፦ ዕድሜ የሚያሳጥሩ ሦስት ነገሮች

ሙቀት አንደኛው ነው። አፕል ለኤርፖዶቹ የሚመክረው አካባቢያቸው ከ35 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይበልጥ እንዲሠሩ ነው። ድሬዳዋ ወይም ሰመራ ያለ ሰው፣ ዱባይ ወይም ኩዌት የሚሠራ ሰው ይህን ቁጥር ጥላ ሥር ቆሞ ያልፈዋል። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ ደግሞ ከዚያም በላይ ነው። ሞቃት ቦታ ላይ መቶ በመቶ ተሞልቶ መቀመጥ ለሊቲየም ባትሪ እጅግ መጥፎው ሁኔታ ነው። ኬዙን መኪና ውስጥ ጥላችሁ አትውረዱ። ትራስ ሥር አድርጋችሁም ቻርጅ አታድርጉ።

ላብና ዝናብ ሁለተኛው ነው። ካርቶኑ ላይ አይፒኤክስ4 ካለ ፍንጥቅጣቂ ይችላል ማለት ነው፤ መዘፈቅ ግን አይችልም። አይፒኤክስ7 አንድ ሜትር ውኃ ውስጥ 30 ደቂቃ ይቋቋማል ማለት ነው፤ የሚፈተነው ግን በንጹሕ ውኃ እንጂ በጨዋማ ላብ አይደለም። ኬዙ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ምንም መከላከያ የለውም። ትልቁ ጥፋት የሚሠራው ከጂም ወይም ከሩጫ በኋላ ነው፦ ላብ የነካውን ጆሮ ሳይጠርጉ ኬዝ ውስጥ መክተት። እርጥብ ነጥብ ላይ ኤሌክትሪክ ሲመጣ ዝገቱ ይፋጠናል። በሶፍት ጥረጉት፣ አሥር ደቂቃ ይናፈስ፣ ከዚያ ይግባ። ክረምት ላይ ዝናብ ከመታው አንድ ቀን አየር ላይ ተዉት። ሩዝ ውስጥ መቅበር ብናኙን ከማስገባት በቀር የተለየ ነገር አይሠራም።

ሦስተኛው ባዶውን ማስቀመጥ ነው። የማትጠቀሙበት ከሆነ ግማሽ አካባቢ ሞልታችሁ አስቀምጡት፣ በየሁለት ሦስት ወሩም እዩት። ባዶ ሆኖ ለረጅም ጊዜ የተቀመጠ ትንሽ ባትሪ ላይነሣ ይችላል።

ደረጃ 8፦ ባትሪው በእርግጥ ከሞተስ?

እዚህ ላይ የሸማቹ ቅሬታ ትክክል ነው። የአፕል ኤርፖድ በሙጫ የታሸገ ነው፤ የጥገና ባለሙያዎቹ አይፊክሲት ለጥገና ምቹነቱ ከ10 ዜሮ ሰጥተውታል። የ2019ኙ ሳምሰንግ ጋላክሲ በድስ ግን ክብ የሳንቲም ባትሪ ስለነበረው 6 አግኝቷል። ልዩነቱን ያመጣው ቴክኖሎጂው ሳይሆን የአምራቹ ምርጫ ነው።

አሜሪካ ያላችሁ፣ አፕል ዋስትናው ላለፈበት ኤርፖድ የባትሪ አገልግሎት በአንድ ጆሮ 49 ዶላር ሲያስከፍል ቆይቷል። ለሁለቱም ሲታሰብ ወደ አዲስ ዋጋ ይጠጋል፤ ከመወሰናችሁ በፊት አስሉት።

አገር ቤት ለጠጋኝ ስትሰጡ መጀመሪያ የምትጠይቁት "ይህ ሞዴል የሳንቲም ባትሪ አለው?" ብላችሁ ነው። ባትሪው ላይ 1254 የሚል ቁጥር ካለ 12 ሚሊሜትር ስፋት፣ 5.4 ሚሊሜትር ውፍረት ማለት ነው፤ በብዙ ሞዴሎች የሚገባ የተለመደ መጠን ነው። እንጨት መሳይ ቀጭን ግንድ ውስጥ የተደበቀ ሲሊንደር ባትሪ ከሆነ ግን ሲከፈት የመሰበር ዕድሉ ሰፊ ነው። ቤት ውስጥ በቢላ ለመክፈት አትሞክሩ፤ የተበሳ ሊቲየም ባትሪ ይነዳል።

አንዱ ጆሮ ብቻ ከሞተ ወይም ከጠፋ ለብቻው መግዛት ይቻላል። ሞዴሉና ትውልዱ ግን አንድ መሆን አለበት። ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ሱቅ ውስጥ ከኬዙና ከሌላኛው ጆሮ ጋር አገናኙት። "ቤት ሂድና ይሠራል" የሚለውን አትቀበሉ።

ያበጠ፣ ሲነካ የሚያቃጥል ወይም የተቃጠለ ነገር የሚሸት ኬዝ ወይም ጆሮ ካጋጠማችሁ ይህን ሁሉ ተዉት። አትሰኩት፣ ጆሯችሁ ውስጥም አታስገቡት። እሳት ላይ እንዳትጥሉት።

ደረጃ 9፦ የሚቀጥለውን ስትገዙ

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን "30 ሰዓት" እለፉት። ያ ከኬዙ ጋር ተደምሮ ነው። የምትፈልጉት ትንሿን ቁጥር ነው፦ በአንድ ቻርጅ ስንት ሰዓት? ይህ ቁጥር ትልቅ በሆነ መጠን ዙሩ በዝግታ ይቆጠራል። ስምንት ሰዓት የሚሄደውን በቀን አራት ሰዓት ብትጠቀሙበት ከአራት ሰዓቱ ሞዴል በግማሽ ፍጥነት ነው የሚያረጀው። ለኔ ከድምፁ ጥራት ቀድሞ የሚታየው ይኸኛው ነው።

መርካቶም ሆነ መገናኛ ኦሪጅናል ተብሎ ኮፒ ይሸጣል። የአፕልን ሴሪያል ቁጥር ድረ ገጻቸው ላይ ማየት ጥሩ ነው፣ ግን ከእውነተኛ ካርቶን የተቀዳ ቁጥር ሊሆን ስለሚችል ብቻውን አያስተማምንም። አይኦኤስ 16 ወይም ከዚያ በላይ ያለው አይፎን ይዛችሁ አገናኙት፤ ኦሪጅናል መሆኑን ማረጋገጥ ካልቻለ ራሱ ያስጠነቅቃችኋል። ኮፒ መሆኑን አውቃችሁ በኮፒ ዋጋ ብትገዙ ነውር የለውም፤ ችግሩ በኦሪጅናል ዋጋ ሲሸጥላችሁ ነው።

የሚገኝበት አገር ያላችሁ ፌርፎን የተባለው አምራች በ2024 ያወጣውን ፌርበድስ ማየት ትችላላችሁ፤ የጆሮዎቹም የኬዙም ባትሪ በተጠቃሚው ይቀየራል። የአውሮፓ ኅብረት ሕግም ከፌብሩዋሪ 18፣ 2027 ጀምሮ የአብዛኞቹ ተንቀሳቃሽ ዕቃዎች ባትሪ ተጠቃሚው ራሱ ሊያወጣው የሚችል እንዲሆን ያስገድዳል። እዚያው ኅብረቱ ውስጥ ከሱቅ ለገዛ ሰው የሁለት ዓመት ሕጋዊ ዋስትና አለው፤ ሻጩ "ዓመት አልፎታል" ቢላችሁ ይህን አስታውሱት።

ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ደረሰኝ ተቀበሉ። "ያለ ደረሰኝ ልቀንስልህ" የሚለው ቅናሽ የመመለስ መብታችሁን የምትሸጡበት ዋጋ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሻጩን መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ስለዚህ የደረጃ 1ን ፈተና በገዛችሁበት ሳምንት አንዴ ሥሩት። እያንዳንዱ ጆሮ ስንት ሰዓት እንደሄደ ደረሰኙ ጀርባ ላይ ጻፉና ፎቶ አንሡት፤ ደረሰኝ የሚታተምበት የሙቀት ወረቀት ቶሎ ይደበዝዛል። ካርቶኑ ስድስት ሰዓት ብሎ ሦስት ሰዓት ከሄደ፣ አሥራ አምስቱ ቀን ሳያልፍ ይዛችሁት ተመለሱ።